ግማሽ ሊትር ወተት ከበረት እስከ ጓዳ

በየማለዳው ከሱቅ ደጃፍ ቆመው ወተት የሚገዙ እመቤቶች ዘወትር የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «በሱሉልታና በሰላሌ ያለው ገበሬ ወተቱን በርካሽ ሸጠ ሲባል እንሰማለን፤ ያው ወተት በላስቲክ ታሽጎ ወደ እኛ ሲደርስ ግን ዋጋው እጅግ ከፍ ብሎ ነው። በመካከል ያለውን ገንዘብ ማን ወሰደው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የወሩን ገንዘብ በእጅዋ ይዛ ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለከሰልና ለትምህርት ቤት የምታከፋፍል እናት፣ ገንዘቡ ያነሰ እንደ ሆነ መጀመሪያ የምትቀንሰው የልጆችዋን ወተት ነውና፣ ዋጋው ከምን ከምን እንደ ተሠራ ልታውቅ ይገባታል። ስለዚህ ዛሬ ይህን ግማሽ ሊትር ወተት ከላሚቱ ግት ጀምረን እስከ ጓዳ ድረስ እንከተለዋለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ወተት ከምግብ ሁሉ ይልቅ ቸኳይ ነው። እህል በጎተራ ዓመት ይቀመጣል፤ በግም ገበያው ባይስማማ ተነድቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ወተት ግን ዋጋ እስኪሻሻል ልጠብቅ አይልም። ከግት በወጣበት ሙቀት እንዳለ የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ በዐይን የማይታዩት ተሐዋስያን በግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ እጥፍ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚህ አኳኋን አንዱ በሁለት ሰዓት 16፣ በአራት ሰዓት 256፣ በስምንት ሰዓት ከ65,000 በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የወተት ፋብሪካ ወጪ አብዛኛው ከዚህ ሒሳብ ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ነውና።

እናቶቻችን ሒሳቡን በቍጥር ባያውቁት በሥራ ያውቁት ነበር። ዕቃውን በወይራ ጢስ ያጥናሉ፤ ወተቱን አርግተው ይንጡታል፤ ቅቤውን ያወጣሉ፤ ከቀረውም አሬራ በእሳት አይብ ይሠራሉ፤ አጓቱ ለጥጃ ይሆናል። ወተት ከመቶው 87 እጅ ያህል ውሃ ነው፤ ስለዚህ ከገበያ ርቃ የምትኖር ባላገር 20 ሊትር ወተት ተሸክማ ከምትሄድ ይልቅ፣ ከዚያ የሚወጣውን አንድ ኪሎ ያህል ቅቤ በቅጠል ጠቅልላ ብትሄድ፣ ውሃውን ከቤትዋ ትታ ዋጋውን ብቻ ይዛ ሄደች ማለት ነው። ቅቤውም ጥቂት ቀን ቢዘገይ አይበላሽባትም። በእውነቱ የአገራችን የመጀመሪያው የወተት ፋብሪካ የመናጫው ቅል ነው። ዛሬም ቢሆን በኢትዮጵያ ከሚታለበው ወተት የሚበዛው በዚሁ መንገድ፣ ወይም በቤተ ሰብ ተጠጥቶና ከጎረቤት ለጎረቤት ተሽጦ ያልቃል እንጂ ወደ ፋብሪካ አይደርስም።

ከተማ ግን ቅቤ ብቻ ሳይሆን ወተትም ይፈልጋል። በ1947 የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የመልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ዘር ከብቶች ለኢትዮጵያ ሰጠ፤ በአዲስ አበባም አነስተኛ የወተት ማዘጋጃ ተቋቋመ። በ1960 ደግሞ በዩኒሴፍ ርዳታ የሾላው ፋብሪካ ሥራውን ጀመረ፤ በከተማው ዙሪያ ካሉት ባለ ላሞችም ወተት ይገዛ ዠመር። በ1971 የወተት ልማት ኤጀንሲ፣ በ1979 የወተት ልማት ድርጅት ተከትለው ቆሙ፤ በኋላም ፋብሪካው ወደ ግል እጅ ተላለፈ፤ ሌሎችም የግል ፋብሪካዎች ተጨመሩ። ሾላ የሚለው የሰፈር ስም ግን ለብዙ የአዲስ አበባ ልጅ የወተት ስም ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ጉዞው የሚጀምረው በንጋት ነው። ባለ ላሚቱ አልባ፣ ወተቱን በዕቃ አድርጋ፣ ራስዋ ወይም ልጅዋ ወደ መሰብሰቢያው ጣቢያ ይዘውት ይሄዳሉ። በዚያ ያለው ተቀባይ በመጀመሪያ ያሸተዋል፤ ቀጥሎ ጥቂት ወተት ከአልኮል ጋር ቀላቅሎ ያያል፤ የረጋበት እንደ ሆነ በእሳት ሲሞቅ ይበጣጠሳልና አይቀበለውም። ከዚያም ላክቶሜትር የሚባለውን መለኪያ ይጨምርበታል። ውሃ አንድ ቢመዝን ንጹሕ ወተት ከ1.028 እስከ 1.034 ገደማ ይመዝናል፤ ውሃ የገባበት ወተት ይቀላልና መለኪያው ወደ ታች ይሰጥማል። ይሁን እንጂ ብልጥ ሻጭ ይህን መለኪያ ያታልለዋል። ስልባቦቱን ገፍፎ ሲያወጣ ወተቱ ይከብዳል፤ በምትኩ ውሃ ሲጨምር ይቀላል፤ ሁለቱ ተካክለው መለኪያው ምንም እንዳልተደረገ ይመሰክርለታል። ይህን ተንኰል የሚገልጠው የቅባት ምርመራ ነው፤ እርሱም መሣሪያ፣ መድኃኒትና የተማረ ሰው ይፈልጋል። ብዙዎቹ ገዢዎች በሊትር ብቻ እንጂ በቅባት ስለማይከፍሉ፣ ቅባቱ የበዛ ወተት የምታቀርበው ሐቀኛዋ ባላገር ከሌላዋ የተለየ ዋጋ አታገኝም። በእኛ አስተያየት ወተት በውሃ የሚቀጥነው ከክፋት የተነሣ ብቻ አይደለም፤ ዋጋው ራሱ ውሃውን ስለሚጋብዝ ነው።

ጣቢያው ወተቱን ከተቀበለ በኋላ ወደ 4 ዲግሪ ማቀዝቀዝ አለበት። በዚህ ቅዝቃዜ ተሐዋስያኑ ባይሞቱም ይተኛሉ። ማቀዝቀዣው ኤሌትሪክ ይፈልጋል፤ ኤሌትሪኩ የጠፋ እንደ ሆነ ጄኔሬተር መነሣት አለበት፤ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። በብዙ ስፍራ ጣቢያው የሚከፈተው ለጧቱ ወተት ብቻ ስለ ሆነ፣ የማታው ወተት ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት አድሮ ስለማይነጋለት ለቤት ፍጆታና ለመናጫው ይቀራል። ከአንድ ላም በቀን ከሚገኘው ወተት ገና ከበረት ሳይወጣ ይህን ያህሉ ከፋብሪካው እጅ ያመልጣል፤ መኪናው ግን ለጧቱ ወተት ብቻም ቢሆን ያንኑ መንገድ ሄዶ መመለሱ አይቀርም።

በፋብሪካው ውስጥ የሚደረገው ዋናው ነገር ወተቱን ወደ 72 ዲግሪ አሙቆ ለ15 ሴኮንድ ማቆየትና ወዲያውኑ ማቀዝቀዝ ነው። ይህ ሥራ በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ስም ይጠራል፤ የሳንባ ነቀርሳንና ከላም ወደ ሰው የሚተላለፉ ሌሎች በሽታዎችን የሚያመጡትን ተሐዋስያን ይገድላል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሁሉ ወተት በየቀኑ ማሞቅና ማቀዝቀዝ ምን ያህል ማገዶ ይፈጃል ብለው ሳያስቡ አይቀሩም። ነገር ግን እዚህ ላይ መሐንዲሶች ለቤት እመቤት የሚያስቀና ብልኀት አግኝተዋል። ቀዝቅዞ የሚገባው ወተትና ሞቆ የሚወጣው ወተት በስስ የብረት ቅጠል ተለያይተው ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ ትኩሱ ሙቀቱን ለቀዝቃዛው እየሰጠ ራሱ ይበርዳል። በዚህ አኳኋን ከሙቀቱ ከመቶ 90 እጅ ያህሉ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል። ማሞቂያው ሊጨምር የሚገባው የቀረውን ጥቂቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ወተቱን ያስወደደው እሳቱ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ይሳሳታል። ይልቅስ ብዙ የሚበላው እጥበቱ ነው፤ ቧንቧውና ጋኑ ሁሉ ከሥራ በኋላ በሙቅ ውሃና በመድኃኒት መታጠብ አለበት፤ ለአንድ ሊትር ወተት አንድ ሊትርና ከዚያ የበለጠ ውሃ የሚያፈሱ ፋብሪካዎች ብዙ ናቸው። ጋኑ ግማሹ ብቻ ቢሞላም እጥበቱ ያው ነው።

ፋብሪካው ትርፍ የሚያገኝበት ሌላ በር ስልባቦቱ ነው። በ1878 ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል በፍጥነት እየተሽከረከረ ቅባቱን ከወተቱ የሚለይ መኪና አወጣ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ፋብሪካ ሁሉ የወተቱን ቅባት እንደ ፈቃዱ መወሰን ቻለ። ከገበሬው 4 እጅ ቅባት ያለውን ወተት ተቀብሎ 3 እጅ ያለውን ይሸጣል፤ የተረፈው ቅቤ ወይም ክሬም ሆኖ ለብቻው ዋጋ ያወጣል። ይህ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ። በከረጢቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የቅባቱን ልክ በእውነት የተናገረ እንደ ሆነ ማጭበርበር አይደለም፤ ያልተናገረ ወይም ውሸት የተናገረ እንደ ሆነ ግን ከባላገሪቱ ውሃ በምን ይሻላል? እመቤቶች ዋጋውን ከመጠየቃቸው በፊት ይህን ቍጥር ቢያነቡ መልካም ነው።

አሁን ወደ ልብሱ እንምጣ፤ ወተት ራቁቱን አይሸጥምና። ቀድሞ በብዙ አገር የወተት ልብስ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ስለሚሞላ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መልሶ የሚሰበስበው ሰው፣ የሚያጥበው መኪና፣ የሚሰበረውም ሲታሰብ፣ ከዚህም በላይ መኪናው ከወተቱ ጋር የጠርሙሱን ክብደት ሲሄድም ሲመለስም የሚሸከም በመሆኑ፣ ጥቅሙ ለቅርብ መንገድ ብቻ ነው። በስዊድን አገር በሉንድ ከተማ በ1951 የተመሠረተው ቴትራ ፓክ ከወረቀት የተሠራ ማሸጊያ አመጣ፤ የወረቀቱ ዕቃ በኋላ ከላስቲክና ከስስ አሉሚኒየም ጋር ተደርቦ፣ ለጥቂት ሴኮንድ ከ135 ዲግሪ በላይ የሞቀውን ወተት ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት የሚያቆይ ሆነ። ማቀዝቀዣ የሌለው መኪናና ማቀዝቀዣ የሌለው ሱቅ ይህን ወተት ሊይዙት ይችላሉ፤ ስለዚህ በአንድ በኩል ወጪ ያተርፋል። በሌላው በኩል ግን ማሸጊያው ከተራ ላስቲክ ብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ የሚያሽገውም መኪና እጅግ ውድ ነው።

በአዲስ አበባ ብዙ ሰው የሚያውቀው ግማሽ ሊትር የሚይዘው የላስቲክ ከረጢት ነው። ክብደቱ ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ መኪናው የሚሸከመው ወተቱን እንጂ ዕቃውን አይደለም፤ ተመላሽ የለውም። ይሁን እንጂ የላስቲኩ ጥሬ ዕቃ ከውጭ አገር በውጭ ምንዛሪ ይመጣል፤ ላሚቱ የሱሉልታን ሣር ብትበላም የልብሱ ዋጋ ከዶላር ጋር ይወጣል ማለት ነው። በየሣጥኑም የሚያፈስ ከረጢት አይጠፋም፤ የእርሱም ኪሳራ በደኅናዎቹ ላይ ይታሰባል።

ስለ ግማሽ ሊትሩ አንድ ነገር እንጨምር። ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ከረጢቶች ከአንድ ባለ አንድ ሊትር ከረጢት ይልቅ ሩብ ያህል የበለጠ ላስቲክ ይፈጃሉ፤ ነገሩ የስፍር ሕግ ነው፤ ትንሽ ዕቃ ከሚይዘው አንጻር ሲታይ ሁልጊዜ ብዙ ልብስ ይፈልጋል። መታሸጉም ሁለት ጊዜ ነው። ታዲያ ግማሽ ሊትሩን የሚመርጠው ማን ነው? በቤቱ ማቀዝቀዣ የሌለው፣ ለዕለቱ ብቻ የሚገዛው ሰው ነው። እንዲህ ሆኖ ገንዘብ ያነሰው ቤተ ሰብ ለያንዳንዱ ጠብታ የበለጠ የላስቲክ ዋጋ ይከፍላል።

እስካሁን የቈጠርነው ሁሉ ግን ከሚቀጥለው ጋር ሲመዘን ቀላል ነው። ለምሳሌ ያህል በቀን 20,000 ሊትር የሚሠራ ፋብሪካ አለ እንበል። የሠራተኛው ደመወዝ፣ የባንክ ዕዳው ወለድ፣ የዘበኛው፣ የእጥበቱ፣ የመኪናው እርጅና ተደምሮ ወተት መጣም አልመጣም በቀን 100,000 ብር ይፈልጋል ብለን እንገምት። ጋኑ ሞልቶ ሲሠራ ይህ ወጪ በሊትር 5 ብር ነው። 10,000 ሊትር ብቻ ሲያገኝ 10 ብር ይሆናል። 4,000 ሊትር ብቻ የሠራ እንደ ሆነ 25 ብር ይደርሳል። ወተቱም፣ ላስቲኩም፣ እሳቱም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የጋኑ ባዶነት ብቻ ነው። ስለዚህ በመካከል ያለውን ገንዘብ ማን ወሰደው ለሚለው ጥያቄ አንዱ ትልቅ መልስ፣ ሥራ የፈታው ጋን ወሰደው የሚል ነው።

በአገራችን ጋኑ ሥራ የሚፈታበት ምክንያት ከሌላው አገር የተለየ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም ከ40 ቀን ይበልጣል፤ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፤ የሐዋርያት ጾም፣ ረቡዕና ዓርብም አሉ። ሥርዐቱን ጠንቅቆ የሚጾም ሰው በዓመት ውስጥ ከ180 ቀን የማያንስ ወተት አይቀምስም። ላም ግን ጾም አታውቅም። በቅበላ ሰሞን ወተት በሰልፍ ይፈለጋል፤ በማግሥቱ ከረጢቱ በሱቅ ተቀምጦ ይውላል። እርግጥ ነው ሕፃናት፣ ሕመምተኞችና እስላም ወገኖቻችን ይጠጣሉ፤ ነገር ግን ፈላጊው እጅግ ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ክረምት ያበቀለው ሣር ገና ሳያልቅ፣ ላሞቹም በደኅና ሲታለቡ የነቢያት ጾም ይገባል። ሰው በፋሲካ ማግሥት ወተት ወተት ሲል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሣሩ ደርቋል፤ ድርቆሹ አልቋል፤ ፋጉሎና ፉርሽካ ተወዷል። ወተት በሞላበት ጊዜ ጠጪ ይታጣል፤ ጠጪ በሞላበት ጊዜ ወተት ይታጣል።

ፋብሪካው በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ? የተረፈውን ወደ ቅቤና ወደ አይብ ይመልሰዋል፤ ቅቤ ተነጥሮ ይቆያልና። ከዚህ ያለፈው መንገድ ማድረቅ ነው። በሕንድ አገር በጉጃራት ክፍል፣ በአናንድ ከተማ በ1946 ገበሬዎች ተባብረው የወተት ማኅበር አቆሙ፤ ዛሬ አሙል በሚለው ስም ዓለም ያውቀዋል። የነርሱ ችግር ጾም አልነበረም፤ ጎሾቻቸው በብርድ ወራት ወተት አብዝተው ይሰጣሉ፣ የቦምቤ ከተማ ግን ሁሉን አትጠጣውም ነበር። ስለዚህ በ1955 የዱቄት ወተት ፋብሪካ ከፈቱ፤ ከረዱአቸውም አንዱ ለሾላ የረዳው ያው ዩኒሴፍ ነው። በብርድ ወራት የተረፈው ደርቆ ተቀመጠ፤ ገበሬውም ወተቱ የማይመለስበት ሆነ። አንድ ኪሎ የሙሉ ወተት ዱቄት ለማግኘት 8 ሊትር ያህል ወተት ውሃው መትነን ስላለበት፣ ይህ ሥራ ብዙ ማገዶና ብዙ ወተት ይጠይቃል፤ ጥቂት ሺህ ሊትር ብቻ ላለው ፋብሪካ አይሆንም። ሕንዶቹ የቻሉት ብዙ መንደር በአንድ ማኅበር ስላበሩ ነው።

አሁን ወደ ባለ ላሚቱ እንመለስ፤ ስለ ፋብሪካ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይረሷታልና። በብዙው የደጋ አገር ላሚቱን የምታልበው፣ ወተቱንም የምትንጠው ሚስት ናት፤ ከቅቤው የሚገኘውም ገንዘብ በልማድ የርስዋ ነው፤ ጨው፣ በርበሬ፣ የልጅ ልብስ የሚገዛው ከዚያ ነው። ወተቱ ወደ ጣቢያው መሄድ ሲጀምር ግን በመዝገቡ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የባል ስም ነው፤ ሒሳቡም ተጠራቅሞ በአንድነት ሲከፈል በርሱ እጅ ይገባል። የቤቱ ገቢ ከፍ ሲል የርስዋ ገንዘብ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ልጆቹም ቀድሞ ይጠጡት የነበረው አሬራ ይቀርባቸዋል። ፋብሪካው ይጥፋ ማለታችን አይደለም፤ ቅቤ ብቻ ስትሸጥ ያላገኘችውን የዘወትር ገቢ ያስገኛልና። ነገር ግን መዝገቡ ላይ የምታልበዋን ሴት ስም መጻፍ አንዲት ሳንቲም የማያስወጣ ነገር ነው።

በከተማ ላለችው እመቤት ደግሞ ጥቂት ቃል። ከጎረቤት በረት የተገዛ ወተት ርካሽ ነው፤ ላሚቱም በዐይን ትታያለች፤ ነገር ግን ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥም። ለማፍላት የፈጀውን ከሰል ወይም ኤሌትሪክ በዋጋው ላይ ደምረው ያስቡት፤ ልዩነቱ ከመሰላቸው ያነሰ ሆኖ የሚያገኙት አሉ። የከረጢቱ ወተት በፋብሪካው ስለ ሞቀ ትኩስነቱ ተጠብቆ ከመጣ መልሶ ማፍላት ግዴታ አይደለም፤ ሱቁ ግን ከማቀዝቀዣ ሳይሆን ከፀሐይ ላይ አንሥቶ የሰጠ እንደ ሆነ አይቀበሉት። ከጾም መግቢያ አንድ ሁለት ቀን በፊት የተመረተውን በተለይ ቀኑን አይተው ይግዙ። መኰምጠጥ የጀመረውንም ቶሎ አይድፉት፤ ያረገችው እናት እርጎ ታገኛለች።

በቅበላው ዋዜማ በጣቢያው ደጅ ያለው ተቀባይ፣ ከነገ ወዲያ ጀምሮ ከያንዳንዱ ቤት ምን ያህል ሊትር እንደሚቀበል ለባለ ላሞቹ ይነግራቸዋል። ከወትሮው ያነሰ ነው። ባላገሪቱም ባዶውን ዕቃ ይዛ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች፤ በዚያው ምሽት የመናጫውን ቅል ከተሰቀለበት አውርዳ ታጥበዋለች፤ ወይራም ታጨስለታለች።